ቅሉ ከግድግዳ ወረደ

ዛሬ እዚህ ማንዱራ፣ ጎረቤታችን ሞላ ደቦውን ጥሎ ሊሄድ ማጭዱን አነሣ። የአክስቴ ሰሊጥ ገና አልተጋመሰም፤ ደመናውም ከብዷል።

ለምሳ ቤት ስንገባ አክስቴ ለሁላችንም ጠላ በብርጭቆ ቀዳች። ለሞላ ግን፣ ጉሙዝ ስለሆነ፣ ግድግዳ ላይ ለብቻው የሚሰቀለውን ቅል አወረደች።

ልማዱን የጀመረው በባሪያ ፍንገላው ዘመን የአያቴ አባት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅል ተሰብሮ ተተክቷል፤ ልማዱ ግን አልተሰነጠቀም። እኔም እያየሁ ዝም ብዬ ነው የኖርኩት።

«እትዬ፣ አጨዳው አብረን፣ ጠላው ለብቻ?» አላት ሞላ፣ ሊሄድ ማጭዱን እያነሣ።

«ከአባቶቻችን የቆየ ወግ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው አባቶችሽ ይጨዱልሽ!» አልኳትና ተነሣሁ። ሌሎቹም አጫጆች እየሳቁ ማጭዳቸውን አነሡ።

አክስቴ ወደ ደመናው አየች። ብርጭቆ አመጣችለት።

ሞላ አልተቀበላትም። «መጀመሪያ አንቺ በቅሉ ጠጪ» አላት።

ጨልጣ ጠጣች። እስካሁን ደህና ናት።

ሰሊጡን አብረን ጨረስን። ቅሉ የሚሰቀልበትን ሚስማር ነቅዬ ኪሴ ከትቻለሁ፤ የሚፈልገው ካለ መጥቶ ከእኔ ይቀበል!

በእናንተስ ቤት ለየትኛው ጎረቤት ተለይቶ የተቀመጠ ዕቃ አለ? ማንስ አወረደው? ሳትደብቁ ጻፉ።