አባቴን የሰረዝኩበት መሮ

የእንጨት ህትመት ሕግ አለው። ምስሉን በመሮ ትፈለፍላለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ወረቀት ላይ ታትማለህ። የተፈቀደልህን ያህል ካተምክ በኋላ ደግሞ እንጨቱን ትሰርዘዋለህ፤ ከዳር እስከ ዳር ኤክስ ትቀርጽበታለህ። ሌላ ሰው ደግሞ አትሞ እንዳይሸጠው ነው አሉ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው አባት አልነበረውም መሰለኝ።

እኔ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመመረቂያ የቀረጽኩት የአባቴን ፊት ነው። አባቴ ሸዋሮቢት ማሾ ይነግዳል። እንኳን ሥዕል ፎቶም አይወድም፤ ለመታወቂያ ሲነሳ እንኳ "አስተግፊሩላህ" እያለ ነው። ለእኔ ሲል ግን በዚያ የቆላ ሙቀት ማሾው ጆንያ ላይ ተቀመጠልኝ። መስጊድ አብረውት የሚሰግዱት ጓደኞቹ መቼም ለቀልድ አይሰንፉም፣ "ሐጂ ይሆናል ስንል ሥዕል ሆኖ ቀረ!" ብለው ሳቁበት። "ልጄ ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ?" አላቸው። ያንን ሲል መስማቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አትሜ ስጨርስ መምህሬ "በል ሰርዘው" አለኝ።

"ኧረ የአባቴ ፊት ነው!"

"ፊት አይደለም፣ እንጨት ነው። አባትህን ከወደድክ ሂድና ሳመው፤ ውጤት ከፈለግህ ግን ሰርዝ" አለኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ምን ላድርግ? ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ለአንድ ጣውላ ልውደቅ? መሮውን አነሳሁና ከግንባሩ ጀምሬ፣ አፍንጫውን አቋርጬ፣ እስከ አገጩ ወረድኩበት። ከዚያም በሌላው በኩል ደገምኩት። ይባስ ብሎ መምህሬ የተሰረዘውን እንጨት ከህትመቶቹ ጎን ሰቀለው። ከእንግዲህ እንደማይታተም ማስረጃ ነው አለ።

አባቴ እንደሚመጣ አልነገረኝም። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ቀን አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ ፓፓያ በዘንቢል ይዞ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ አዲስ አበባ ከተፍ አለ። አዳራሹ በር ላይ ሳየው ክው አልኩ። ሮጬ ሳልደርስበት ግድግዳው ፊት ቆሟል። የታተሙትን ዞር ብሎም አላያቸው፤ እንጨቱን ነው ያየው። አንዲት ልጅ ከእንጨቱ ጋር ፎቶ ትነሳለች። "ይሄኛው ይበልጣል፤ ኤክሱ አሪፍ ነው" ትላለች ለጓደኛዋ። የፊቱ ባለቤት ከጎኗ መቆሙን የት አውቃ!

አባቴ ዞሮ ወጣ። መናኸሪያ ድረስ እየተከተልኩ ለመንኩት። "አባዬ፣ ወላሂ ስድብ አይደለም፤ ሕጉ ነው። ሌላ ሰው እንዳይደግምህ ነው የምንሰርዘው" አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። "እኔን እንዳልደገም አድርጎ የፈጠረኝ አላህ ነው። ያንተ መሮ ምን ቤት ነው?" አለኝ። ዘንቢሉን እጄ ላይ ትቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

"ኤ" አገኘሁ። ድንቄም ኤ! መምህሬ የሆነውን ስነግረው፣ "ታዲያ ይሄ ራሱ ሥራውን ከፍ ያደርገዋል" አለኝ። አንድ ጥፊ ሳላቀምሰው መውጣቴ ይቆጨኛል።

ዛሬም ስደውል ስልኩን የምታነሳው እናቴ ናት። "አባትህ ሰላም ይልሃል" ትለኛለች። በሩ ላይ ከማሾ ደላላ ጋር ሲሟገት ድምፁ ከኋላዋ ይሰማኛል። ሰላም ሲል ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።