ከበረቱ አጠገብ ያለው ጥግ

መንደሩ ሁሉ ሽማግሌውን «ዘንድሮስ» ይላቸዋል። በየዓመቱ አኩሪ አተራቸውን ዘርተው ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው «ዘንድሮስ ጎተራው አይችለውም!» ስለሚሉ ነው። ጎተራው ግን ሲችለው ኖሯል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንዲያውም ግማሹም አይሞላም። ከኮረብታው ወዲያ ባለው ሜዳ ዝናቡ አንድ ዓመት ቢያኮርፍ በሌላው ይታረቃል። እሳቸው ዘንድ እንዳኮረፈ ቀረ።

አዝመራ ሲደርስ ከወረዳው ምርት ለኪው ይመጣል። ከማሳው አንድ ቦታ ላይ አራት ችካል ተክሎ በሲባጎ ያጥራል፤ በውስጡ ያለውን አጭዶ፣ ወቅቶ ይመዝናል፤ ከዚያች ቁራሽ መሬት ተነስቶ የሜዳውን ሁሉ ምርት አስልቶ ይጽፋል። ቦታውን በዕጣ መምረጥ ነበረበት። ዘንድሮስን ግን ማን ችሏቸው! እጁን ይዘው በቀጥታ ከድሮው በረት አጠገብ ወዳለው ጥግ ይወስዱታል። እዚያ የከረመ ፍግ ስላለ አኩሪ አተሩ ወገብ ይደርሳል።

«አባባ፣ መሀሉንም ባየው...»

«መሀሉ ምን ይታያል? እንግዳ በጓሮ በር ይገባል እንዴ?»

ጎረቤቶቻቸውም ያው ናቸው፤ ገመናውን ለባዕድ የሚያሳይ የለም። ሁሉም ደህና ደህናውን ጥግ አሳምሮ ይጠብቃል። ክፋት አልነበረበትም፣ ኩራት ነው።

ከልጆቻቸው መንደሩ ውስጥ የቀረችላቸው የመጨረሻዋ ናት፤ ከደጃቸው ማዶ ቤት ሠርታ ትኖራለች። ባሏ ከተማ እንግባ ብሎ ሲነዘንዛት «የመስኖው ቦይ ወደኛ ከመጣ የትም አልሄድም» ትለዋለች። ቦዩ አንድ ነው፤ ምርቱ ለዓመታት ወደ ወደቀበት ሜዳ ይቆፈራል ተብሏል። ሽማግሌው አልሰጉም። ከእነሱ የባሰ ማን ደርቋል?

ውሳኔውን ይዞ የመጣው ለኪው ራሱ ነው።

«አባባ፣ ቦዩ ከኮረብታው ወዲያ ላለው ሜዳ ሆኗል። የእናንተ ምርት ዓመት ከዓመት አልወደቀም ተባለ።»

«አልወደቀም? ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

ለኪው ዓይኑን ወደ በረቱ ጥግ ላከ። ከደጇ ወጥታ ስትሰማ የነበረችው ልጃቸው ወዲያው ገባት።

«አባዬ፣ እኛ ስንኖር የበላነው ከዚያ ጥግ ነው?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ብዙም ሳትቆይ ዕቃዋን ሸክፋ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሄደች።

በተከታዩ አዝመራ ለኪው ሲመጣ እግሩ በልማድ ወደ በረቱ አቀና። ሽማግሌው ክንዱን ያዙና ወደ መሀል ወሰዱት፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ተክሉ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ወደ ደረቀበት። ሲያጭድ ፊታቸውን አዞሩ። ሰው ፊት ልብሳቸውን ያወለቁ ያህል አፈሩ። የወቃው ፍሬ እፍኝ አልሞላም።

«ይህን ቀደም ብለው ቢያሳዩኝ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«እንዳለ ጻፈው» አሉት።

ዝናቡ ሲመለስ ያቺኑ ማሳ ዘሩ። ጎረቤቶቻቸው የለመዷትን ቃል ለመስማት ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው የልጃቸውን የተዘጋ በር ሲያዩ ቆዩና ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ገቡ።