ለጨረር እምቢ ያለው ክንድ

ሰፈርተኛው እትዬ ልኬ የሚላት ልብስ ሰፊ ጡቷ ውስጥ ካንሰር ሲገኝባት፣ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሙሉውን ልትቆርጡት ነው?» ብላ ነበር።

«የለም፣ ዕጢውን ብቻ እናወጣለን፤ ጡትዎ ይቀራል» አላት ቀዶ ሐኪሙ። «ግን ቁስሉ እንደዳነ ጨረር ካልተከተለ ሥራችን ግማሽ ነው።»

ዕጢው ወጣ፤ ቁስሉም ጠገገ። ልኬ ግን ክንዷን ጎኗ ላይ አጣብቃ ከረመች። አዲስ ስፌት አይወጠርም፤ ለደንበኞቿ ዕድሜ ልኳን ያለችው ይህንኑ ነው።

ጨረር ክፍል ስትደርስ ባለሙያዋ «ክንድዎን ከራስዎ በላይ ያንሱ» አለቻት። ክንዷ ከትከሻዋ አላልፍ አለ።

«እንዲህማ አይሆንም፤ ጨረሩ መንገድ ያጣል። ቀዶ ሕክምና ክፍል የክንድ ማፍታቻውን እንቅስቃሴ አላሳዩዎትም?»

ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመልሳ ብትጠይቅ፣ «ጨረር ክፍል አላሳዩዎትም?» አሏት።

በመካከላቸው ያለው እኮ አንድ ግቢ ነው! የሰው ገላ እንደ ርስት ተካፍለውት፣ ክንዱ ከሁለቱም ድርሻ ውጭ ቀረ። አፍ አውጥቶ የሚነጋገር ጠፋ!

«በቃ፣ ሙሉውን ይቁረጡትና ልረፍ» አለች ልኬ ቤቷ ገብታ።

ታናሽ እህቷ ቱግ አለች። «እታለም! ደንበኛ ቀሚሱ ጠበበኝ ሲልሽ ጨርቁን ትጥይዋለሽ?»

በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ጎትታ ወሰደቻት፤ ሁለቱን ክፍሎች የምታገናኘውን ነርስም አፋጠጠቻት። ነርሷ አልተሟገተችም። «ጥፋቱ የእኛ ነው» ብላ ወዲያው ለጨረር ክፍል ደወለችና ቀጠሮ አስያዘች። ከዚያ ልኬን ግድግዳ ፊት አቆመቻት። «ጣቶችዎ እንደ ሸረሪት ይውጡ። ይወጥርዎታል፤ ስፌቱ ግን አይተረተርም።»

ልኬ ቤቷ ግድግዳ ላይ ጣቶቿ በደረሱበት ሁሉ በልብስ ጠመኔዋ ታሰምር ጀመር።

«ዛሬ ሸረሪቷ ለገመች!» ትላለች እህቷ።

«ዝም በይ፣ ምላሳም! እየወጣች ነው።»

መስመሩ ከመቀሱ መስቀያ አለፈ፤ ከመስኮቱ ራስ አለፈ። በቀጠሮዋ ቀን ክንዷ ሳያንገራግር ተነሳ። ባለሙያዋ ገላዋ ላይ በቀለም ምልክት ስታደርግ፣ ልኬ «ቀስ በይ ልጄ፤ ምልክት ከተዛባ መቀስ ይሳሳታል» አለቻት።

«እትዬ፣ እዚህ መቀስ የለም።»

«ተመስገን!»

መጀመሪያውን ጨረር ወስዳ ስትወጣ ወደ ቤት አልሄደችም። ግቢውን ተሻግራ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች፤ ከቦርሳዋ ጠመኔዋን አውጥታ ነጩን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ አሰመረችው።

«እትዬ፣ ምን ሆነዋል?» ብላ ነርሷ ሮጠች።

«ለቀጣይዋ ነው» አለች ልኬ። «ከዚህ ሳትወጣ ጀምሪላት።»