የአባዬ ጉበት የተቆጣ ጊዜ

አባዬ ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት ሲያስከብር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ተረከዙ ላይ የበቀለው ጥቁር ነገር የቆዳ ካንሰር ነው ተብሎ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በደም ሥሩ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ታዘዘለት። መድኃኒቱ ካንሰሩን ራሱ አይገድልም፤ የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት ቀስቅሶ ያዘምትበታል ተባልን። አባዬ ደስ አለው። «የራሴ ሰዎች ናቸዋ የሚዋጉልኝ!»

ጥቂት ወራት በደህና ሄደ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በራችን ላይ ከጎረቤታችን ጋር ሲጫወት ፀሐይ ፊቱ ላይ አረፈችና ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ጎረቤታችንም አየች።

«ውይ ጋሼ፣ የወፍ በሽታ ይዞዎታል!» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ብዙም ሳትቆይ ሥር ጨምቃ በብርጭቆ ይዛ መጣች። አባዬ ሰው የሰጠውን መመለስ ስለማይሆንለት ተቀበላት።

«እንዳትጠጣው አባዬ!» አልኩና መድኃኒቱን ወዳዘዘችለት ሐኪም ደወልኩ። ወጣት ናት። ምንም ሳይጠጣ ቶሎ አምጪው አለችኝ። አባዬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰና «እግዜር ይስጥሽ፣ አስፈቅጄ እመጣለሁ» አላት።

ደሙ ተመረመረ፣ አልትራሳውንድም ተነሳ። ቫይረስ አልተገኘም፣ ካንሰሩም ጉበቱ ጋ አልደረሰም።

«አባባ፣ የቀሰቀስናቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ጉበትዎ ውስጥ ገብተው ነው» አለች ሐኪሟ። «እነሱ እንደ ጠላት ሲወጉት ጉበትዎ ተቆጣ።»

«ካንሰሩን ትተው?»

«እሱንም አልተዉትም። ፍሬናቸውን የለቀቅነው እኛ ነን፤ አንዳንዴ ወዳጅና ጠላት አይለዩም።»

«ችሎት ውስጥ ቢሆኑ አስወጣቸው ነበር!» አለ፤ ሐኪሟ ሳቀች። ቀጥላም መድኃኒቱ ይቆማል አለች።

«ካንሰሩስ ቢመለስ?» አልኳት።

«ቃል አልገባልሽም» አለች። «ግን የነቁት ሕዋሳት መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ የሚሠሩበት ጊዜ አለ። እየመረመርን እንከታተላለን።»

ሕዋሳቱን የሚያረጋጋ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ሰጠችው። ኪኒኑ ጉበቱን ሲያበርድ የምግብ ፍላጎቱን ለኮሰው። ሦስት ጉርሻ በልቶ ሳህኑን የሚገፋ ሰው፣ ቁርሱን እየበላ «ምሳ ምንድነው?» ይለኝ ጀመር። ኪኒኑ የሰውነት መከላከያውን ስለሚያደክም ጥሬ ሥጋ ተከልክሏል፤ ጌጃ ሰፈር ሥጋ ቤቶቹን ስናልፍ የተሰቀለውን ሙዳ እንደ ቀድሞ ባልንጀራ ይሰናበተዋል።

ዓይኑ ቀስ በቀስ ነጣ። የጉበቱ ውጤት ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ኪኒኑም እየተቀነሰ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በተነሣቸው ምርመራዎች ሁሉ ካንሰሩ አልታየም።

ባለፈው ሳምንት ሱሪዎቹን ይዘን አብነት ሰፈር ወዳለ ልብስ ሰፊ ሄድን።

«ላጥብብልዎት?» አለው ሰውየው፣ መታመሙን ሰምቶ ስለነበር።

«አስፋው እንጂ!» አለ አባዬ፣ ሆዱን እየመታ።