ያልተለጠፈው ወረቀት

ፍሪጅ መጠገን ያስተማሩኝን ሰው ሰፈሩ «ጋሼ በረዶ» ይላቸዋል። ጠባያቸው ግን ከበረዶ ጋር ዝምድና የለውም፤ በትንሽ ነገር ይግላሉ። ከሁሉ የሚያናድዳቸው ወረቀት አለመለጠፍ ነበር። ፍሪጅ ውስጥ ጋዝ የሞላ ሰው ዓይነቱን፣ ቀኑንና ስሙን ጽፎ ከኋላ ሞተሩ ላይ መለጠፍ አለበት። «ካንተ በኋላ የሚከፍተው ሰው ጠንቋይ አይደለም» ይሉ ነበር።

የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ አዲስ ጋዝ መጣ፤ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ፣ የወጥ ቤት ጋዝ የቅርብ ዘመድ። ከድሮው ግማሹን እንኳ ሳይሞሉት ያቀዘቅዛል፣ ሞተርም አያደክምም። የድሮው አይነድም ነበር፤ ይሄ ግን ይነዳል። ለመጀመሪያዋ ደንበኛ እውነቱን ብነግራት «ቤቴን ልታነደው ነው?» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ መናገሩንም መለጠፉንም ተውኩት። የጋሼን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ባለፈው ወር እኔ ሌላ ከተማ ሳለሁ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሞላሁት አንድ ፍሪጅ ተበላሸ። የፍሪጁ ባለቤት ጋሼን ጠራች። ፋብሪካው የለጠፈውን አነበቡ፤ የድሮው ጋዝ ይላል። ሌላ ወረቀት የለም። እንደ ልማዳቸው ቧንቧውን ቆርጠው ጋዙን እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ለቀቁትና መበየጃቸውን ለኮሱ። ጋዙ ተቀጣጥሎ ቀኝ እጃቸውና ቅንድባቸው ተቃጠለ።

ስመለስ ሰፈሩ ሌላ ወሬ የለውም። ጋሼም ለጠየቃቸው ሁሉ «እርጅና ነው፣ ተዘናጋሁ» ይላሉ። መበየጃቸውን ሰቅለው ሥራ አቁመዋል። እኔ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሦስት ቀን ሙሉ ልጠይቃቸው መሄድ አቃተኝ፤ በራቸው ላይ እንዳላልፍ መንገድ እቀይር ነበር።

በአራተኛው ቀን ሄድኩ። ሚስታቸው ወንበር አቀረቡልኝና «እሰይ፣ ልጁ መጣ» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጋሼ፣ ያንን ፍሪጅ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን እያዩ። «ገና እጄን ውሃ ውስጥ እንደነከርኩ ነው ሴትየዋን ማን ሞላው ብዬ የጠየቅኳት።»

«ታዲያ ለምን እርጅና ነው አሉ?»

«እኔስ ጨርሻለሁ። አንተ ገና ሰው ቤት ትገባለህ፤ ይሄን ሰምቶ ማን ያስገባሃል?» ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ቤት ነው እንዲህ አድርገህ የሞላኸው?»

ጽፌ አላውቅማ፣ ከየት አምጥቼ ልንገራቸው?

«እንጃ» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆጡም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። በግራ እጃቸው መሳቢያውን ስበው ፍሪጅ ላይ የሚለጥፉትን የወረቀት ጥቅል አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የማስታውሰውን በር ሁሉ እያንኳኳሁ፣ ፍሪጃቸው ውስጥ ምን እንደሞላሁ ሳልነግራቸው እንደሄድኩ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ አንዷ ልጆቿን ወደ ጓዳ አስገባች። ከዚያ ፍሪጁን አዙሬ እንበረከክና የጋዙን ዓይነትና ቀኑን እጽፋለሁ። ከሁሉ የሚከብደኝ ስሜን መጻፍ ነው፤ ግን እጽፈዋለሁ። የማላስታውሳቸው ቤቶች ስንት እንደሆኑ አላውቅም።