የኮምፒውተሮቹ ቀብር

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አሶሳ ውስጥ ከምሠራበት ቢሮ ጀርባ፣ ኮምፒውተሮቹን ልንቀብር ወጣን። ክልሉ ሲቋቋም የመጡ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ ከተበላሹ በኋላ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሰው ዓመታት ቆይተዋል። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ቀደም ሲል መድኃኒት ቤት ስለሠሩ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በኮሚቴ ፊት እንደሚቀበር ያውቃሉ። ይሄም በዚያው መንገድ ይወገድ አሉ። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ።

ከኋላቸው ያበጡት የድሮ ስክሪኖች ከማንጎው ዛፍ ሥር ወደተቆፈረው ጉድጓድ አንድ በአንድ ወረዱ። ሁለቱ ተሰበሩ። የቀሩት ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲተኙ፣ በየመስታወታቸው የማንጎው ቅርንጫፍና ደመናው ቀስ እያለ ያልፍ ነበር። መሬት ውስጥ ብዙ ትናንሽ ሰማዮች የተኙ መሰለኝ፤ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ፈዘዝኩ።

"እህቴ፣ አልቅሺላቸው እንጂ። ቀብር ላይ ዝም ይባላል?" አለኝ የግዥ ሠራተኛው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለው መስታወት እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት እንዳለበት ተምሬያለሁ። ከቁልቁለቱ በታች ደግሞ የቢሮው ጥበቃ ቤተሰብ የሚጠጣበት የውሃ ጉድጓድ አለ። ልናገር አሰብኩ፤ ግን የስክሪኖቹን ቁጥር መመዝገቤን ቀጠልኩ። አፈሩ ሳይመለስ ዝናብ መጣና ሮጠን ገባን። ሰብሳቢው ጠዋት ይሸፈናል፣ ቃለ ጉባኤውም ያኔ ይፈረማል አሉ።

ወደ ቤት ስወጣ የጥበቃው ባለቤት ጀሪካን ይዛ የግቢው በር ላይ ቆማለች። የቤርታ ብሔረሰብ ናት፤ አማርኛ የለመደችው ገበያ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች። ጎርፉ በስክሪኖቹ ላይ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ አይታለች።

"አንተ ተምረሃል" አለችኝ። "ይሄ ውሃ፣ ልጆች ይጠጣል?"

"ለጊዜው ከቢሮው ቧንቧ ቅጂ" አልኳት። "ነገ ስክሪኖቹን አስወጣለሁ።"

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ለማመን መንገዱን ሁሉ ለራሴ እየደጋገምኩት ሄድኩ።

በማግሥቱ ቢሮ ሳይከፈት የጎማ ጓንት አጥልቄ ስክሪኖቹ ወዳሉበት ጉድጓድ ወረድኩ። ጥበቃው ከላይ እየተቀበለኝ፣ ስብርባሪውንም በማዳበሪያ ከረጢት ለቅመን፣ ሁሉንም መጋዘን መለስን። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ "ተቀብሯል" የሚለውን ሰርዤ "መጋዘን ይገኛል" ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያቱንም ከሥሩ። ጭቃ በጠጣ ጫማዬ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ አንብበው እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።