በስማቸው የወጡ ሃያ ሦስት ከብቶች

ድርቁ ያገሩን ከብት ሁሉ ባንድ ጉድጓድ ዙሪያ ሰብስቦታል። የስድስት ቤት መንጋ፣ ሁለት መቶ ያህል ቀንድ፣ ተቀላቅሎ ከአንድ የሲሚንቶ ገንዳ ይጠጣል። ሰፈሩ «ጨዊት» እያለ የሚጠራት ባሏ የሞተባት ከብት አርቢም ሃያ ሦስቱ ከብቶቿ እዚያው ውስጥ ናቸው።

መንግሥት የአስቸኳይ መኖ ድጎማ ፈቅዷል፤ ፉርሽካና ድርቆሽ በግማሽ ዋጋ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከብቱ ጆሮው ላይ ቁጥር ያለበት ፕላስቲክ አለ፤ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ ድጎማው ይፈቀድለታል። ምዝገባው የሚያበቃው ዛሬ ነው። ያልተመዘገበ ከብት ዝናቡን በሕይወት አያይም።

የጨዊት ከብቶች ግን ጆሯቸው ባዶ ነው። አምና ፕላስቲኩ የገባበት ቀዳዳ ቆስሎ ዝንብ ሲወረው፣ አንጀቷ አልችል ብሎ ሁሉንም ቆርጣ አወጣችና በሽቦ ሰክታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ዛሬ ሽቦውን እንዳለ ይዛ መጣች።

ሊመዘግብ የመጣው የእንስሳት ባለሙያ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ እኔ የምመዘግበው ጆሮ ላይ ያለውን ነው። ይሄማ የማንም ሊሆን ይችላል።»

«የትኛው ቁጥር የየትኛው ከብት እንደሆነ አንድ ባንድ አውቀዋለሁ።»

«እርስዎ ያውቃሉ፤ መዝገቡስ?»

ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከጎን ሆኖ ሳቀ። «ጌታዬ፣ እሷ ከሰው ይልቅ ከላም ጋር ነው የምታወራው። እነሱኑ ይጠይቋቸው!»

ጨዊት ቀልዱን ቁም ነገር አደረገችው። «ልጄ፣ መልካቸው መዝገብህ ላይ ተጽፏል?»

«ቀለማቸውም ምልክታቸውም ተጽፏል።»

«እንግዲያው አንተ ከሽቦው ቁጥር ምረጥ፤ እኔ እጠራለሁ። የመጣውን ከመዝገብህ ጋር አስተያይ።»

አሠራሯን እዚህ ላይ ማስረዳት ይገባል፤ እጅግ ደስ የሚል ነገር ነውና። ጥጃ ጡት ከተወበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው ስሙን ትጠራና ከመዳፏ ጨው ታስልሰዋለች። ስሙ ይቀድማል፣ ጨው ይከተላል። በሌላው ስም የመጣ ባዶ እጅ አሽትቶ ይመለሳል። ዓመት ሳይሞላው ሁሉም ስሙን ለይቶ ያውቃል። የሷም ቅጽል ስም የወጣው ከዚሁ ነው።

ባለሙያው አንድ ቁጥር አነበበ።

«ቦቃ! ነይ ቦቃዬ!»

ከዚያ ሁሉ ቀንድ መሀል አንዲት ቀይ ላም እየተጋፋች ወጣች። መዝገቡም «ቀይ፣ ግንባሯ ነጭ» ይላል። ቀጥሎ ዳለቻ መጣች። ከዚያ ጉራች። ባለሙያው መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው፤ አሥረኛው ላይ ግን ቀጣዩን ለማየት አንገቱን ያሰግግ ጀመር። ሃያኛው ላይ ሰፈሩ በጭብጨባ ቀለጠ።

የመጨረሻዋ ግን ቀረች።

«ሻሼ! ሻሽዬ!»

ከመንጋው ብቅ ያለች ላም አልነበረችም።

«እቺኛዋስ ከትምህርት ቤት የቀረች ነች» አለ ዋርሳዋ። የሳቀለት የለም።

ባለሙያው ቅር እያለው ብዕሩን አነሳ። «እንግዲህ እትዬ፣ ሃያ ሁለቱን…»

«ቆይ!» ጨዊት ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ጠራች። ከገንዳው ጀርባ «እምቧ!» የሚል ድምፅ መለሰ። ሁለት ወይፈኖች አጥሩ ላይ አጣብቀዋት ኖሯል! ዋርሳዋ ራሱ ሮጦ ወይፈኖቹን ገፋቸው። ሻሼ ከስታም ቢሆን እየሮጠች መጥታ አፍንጫዋን የጨዊት መዳፍ ውስጥ ወሸቀች።

«ነጭ፣ የግራ ቀንዷ የተሰበረ» ብሎ አነበበ ባለሙያው። ቀና ብሎ አየ። የግራ ቀንዷ ተሰብሯል።

«ሃያ ሦስት!» ብሎ ጮኸ፣ የራሱ ከብት የተገኘለት ይመስል።

መኖው በአራተኛው ቀን በመኪና ደረሰ። ዝናቡ ሰባት ሳምንት ዘግይቶ መጣ። ሃያ ሦስቱም ቆመው ተቀበሉት።